ወጪ ስንቀንስ ሥራ የሚያስገኘውን አብረን እንዳንቆርጥ

ኑሮ ሲከብድ ምክር አይጠፋም። አንዱ «ወጪ ቀንስ» ይላል። ሌላው «ሥራ ፈልግ» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ችግሩ ለየብቻ መነገራቸው ነው። ቁጠባው ለአንድ ሰው፣ ሥራ ፍለጋው ደግሞ ለሌላ ሰው የተባለ ይመስላል። ሥራ ያጣ ሰው ግን ሁለቱንም የሚያደርገው በአንድ ኪስና በአንድ ጭንቅላት ነው። አንዱ ሌላውን ያግዛል። አንዳንዴም አንዱ ሌላውን ያንቃል።

እንዴት ያንቃል? ሰውየው ወጪ ለመቀነስ ሲል መጀመሪያ ከቤት መውጣት ይተዋል። ከዚያ ስልኩ ላይ ዳታ መሙላት ያቆማል። የድሮ ባልደረቦቹ እንገናኝ ሲሉት «አይመቸኝም» ይላል። የቤት ኪራይ ለመቀነስ ብሎ ከሰው ሁሉ ርቆ ወደሚገኝ ሰፈር ይገባል። በወሩ መጨረሻ ሂሳቡ ሲታይ ቁጠባው ተሳክቷል። ሥራ ሊመጣ የሚችልባቸው በሮች ግን አንድ በአንድ ተዘግተዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የተረፈችውን ገንዘብ እየቆጠሩ መጠበቅ ብቻ ነው።

ሥራ ላጣ ሰው ቁጠባ ማለት ጊዜ መግዛት ነው። የተገዛው ጊዜ የሚጠቅመው ግን ፍለጋው ሳይሞት ከቆየ ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ ከዚህች ሐሳብ የሚነሳ ነው።

ሥራው የት ገባ?

ኢኮኖሚ ሲቀዛቀዝ ሥራ የሚጠፋው ሰው ስለሚባረር ብቻ ይመስለናል። ቀጣሪዎች ግን ሰው ከማሰናበታቸው በፊት ብዙ ነገር ያደርጋሉ። የትርፍ ሰዓት ሥራ ያስቀራሉ። የጊዜያዊ ሠራተኞችን ኮንትራት አያድሱም። ክፍት የነበረውን ቦታ ሳይሞሉት ይተዉታል። የለቀቀ ሰው ካለ ሥራውን ለቀሩት ያከፋፍላሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም «ተባረርኩ» ብሎ አያለቅስም፤ ዜናም አይሆንም። ከውጭ ሆኖ ለሚያንኳኳው ሰው ግን በሩ ተዘግቷል።

በዚህ ላይ ሠራተኛው ራሱ ከቦታው አይነቃነቅም። በደህናው ጊዜ ሰው ሥራ ይቀያይራል። አንዱ ሲለቅ ለሌላው ቦታ ይከፈታል፤ ያ ሌላው የለቀቀው ደግሞ ለሦስተኛው ይተርፋል። በክፉ ጊዜ ግን አለቃውን ዓይኑን ማየት የማይፈልግ ሰው እንኳ «ይቺንም እንዳላጣ» ብሎ ይቀመጣል። ሰንሰለቱ ይቆማል። ስለዚህ አንድም ሰው ያላባረረ ድርጅት ለዓመት ያህል አንድም ሰው ላይቀጥር ይችላል።

ነገሩን ከላይ ሆኖ ለማየት የእንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት የጆን ሜይናርድ ኬንስን ሐሳብ ማንሳት ይጠቅማል። ኬንስ በ1936 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የጻፈው በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፦ አንድ ቤተሰብ ሲቆጥብ ብልህነት ነው። ሁሉም ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ሲቆጥብ ግን የአንዱ ወጪ የሌላው ገቢ ስለሆነ የሁሉም ገቢ ይወርዳል። ኬንስ ይህን የጻፈው ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ባልበረደበት ሰዓት ነው። በዚያ ቀውስ መሃል፣ በ1933፣ አሜሪካ ውስጥ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ገደማ ሥራ አልነበረውም። ከ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ በኋላም በጥቅምት 2009 የአሜሪካ የሥራ አጥነት መጠን 10 በመቶ ደርሷል።

ይህን የማነሳው ማንም ሰው አገር እንዲድን ብሎ ያለችውን ገንዘብ ይበትን ለማለት አይደለም። ገበያውን የማነቃቃቱ ኃላፊነት የመንግሥት እንጂ ሥራ ያጣ ሰው አይደለም። የማነሳው ለሌላ ምክንያት ነው። ሥራ ማጣት ብዙ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ሲወርድ እያንዳንዱ ሰው ጥፋቱን ራሱ ላይ ይፈልጋል። «ጎበዝ ብሆን ኖሮ» ይላል። ማዕበሉ ግን ጎበዙንም ሰነፉንም አልለየም። ይህን ማወቅ ዳቦ አይሆንም። ሰውን ከቤት እንዲደበቅ የሚያደርገውን እፍረት ግን ትንሽ ያቀልለታል። እፍረቱ ደግሞ፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ በገንዘብ የሚተመን ጉዳት አለው።

ስለ ቁጥሮች ካነሳን አይቀር፦ በዜና የሚነገረው የሥራ አጥነት መጠን ሰው በጓዳው ከሚያየው ጋር የማይገጥምበት ምክንያት አለ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ባስቀመጠው መለኪያ ሥራ አጥ የሚባለው ሥራ የሌለው፣ ሥራ ለመጀመር ዝግጁ የሆነና ሥራ እየፈለገ ያለ ሰው ነው። በቆጠራው ሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ ተከፍሎት ከሠራ እንደ ሠራተኛ ይቆጠራል። ተስፋ ቆርጦ መፈለግ የተወውም ከሥራ አጥ ዝርዝር ይወጣል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ የሚለካው ነገር ጠባብ ስለሆነ ነው። «ሥራ አጥነት ቀነሰ» የሚል ዜና ሰምቶ «ታዲያ እኔ ምን ሆኜ ነው?» ብሎ የሚብሰከሰክ ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ገንዘብን በወር መቁጠር

ሥራ የቆመበት ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት በእጁ ያለው ገንዘብ ስንት ወር እንደሚያኖረው ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። ያለው ገንዘብ ለወር ወጪው ይካፈላል። የስድስት ወር ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ያለው ሰው የወር ወጪውን በሩብ ቢቀንስ ያው ገንዘብ ስምንት ወር ያኖረዋል። በሲሶ ቢቀንስ ዘጠኝ ወር። በግማሽ ቢቀንስ ዓመት።

እዚህ ሂሳብ ውስጥ ብዙ ሰው የማያያት አንዲት ነገር አለች። ትንሽ ገቢ ከገባ ወሮቹ የሚረዝሙት ከተጠበቀው በላይ ነው። የወር ወጪውን ግማሽ የምትሸፍን የጎን ሥራ ያገኘ ሰው የቀረውን ጊዜ በእጥፍ ያስረዝማል። ወጪውን በሩብ የቀነሰው ያ ሰው፣ በዚያ ላይ የቀረውን ወጪ ግማሽ የሚሸፍን ሥራ ቢያገኝ፣ ስምንት ወሩ አሥራ ስድስት ይሆናል። ለዚህ ነው «ከደረጃዬ በታች ነው» የሚባል ጊዜያዊ ሥራ በደመወዙ ብቻ መመዘን የሌለበት። ያቺ ትንሽ ገቢ ሰውየው የመጣለትን የመጀመሪያ ሥራ ሁሉ በጭንቀት እንዳይቀበል የምትሰጠው አቅም አለ። ድርድር ላይ «ላስብበት» ማለት የሚችለው የሚያስብበት ጊዜ ያለው ሰው ነው።

ገንዘቡን በወር የሚቆጥር ሰው ቀድሞ ይወስናል። ሁለተኛ ወር ላይ ቤት መቀየርና ስድስተኛ ወር ላይ ቤት መቀየር አንድ አይደሉም። መጀመሪያ ላይ የሚወሰነው ውሳኔ ብዙ ወር ያተርፋል። መጨረሻ ላይ የሚወሰነው ግን ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ስለሆነ የሚያተርፈው የለም። አብዛኛው ሰው ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ «ይህ ወር ይለፍ፣ አንድ ነገር ይመጣል» እያለ ትልልቆቹን ወጪዎች ሳይነካ ይቆያል። አይፈረድበትም። ቤት መቀየር ወይም ልጅን ከትምህርት ቤት ማዛወር ሽንፈትን በአደባባይ መቀበል ይመስላል። ቢሆንም ሒሳብ ይሉኝታ አያውቅም።

ትንሿና ትልቋ ወጪ

ስለ ቁጠባ የሚጻፍ ምክር በብዛት በትንንሽ ደስታዎች ላይ ይዘምታል። ይህችን ነገር ከውጭ አትግዛ፣ ያችን ተው፣ ይህቺ በዓመት ስታስባት ይህን ያህል ትሆናለች። እኔ ይህ ዓይነቱ ምክር ያሰለቸኛል። ስህተት ሆኖ አይደለም፤ የሰውን ጉልበት ሁሉ ትንሽ ገንዘብ ያለበት ቦታ ስለሚያፈሰው ነው። በአብዛኛው ቤተሰብ ከወር ገቢ ትልቁን የሚወስዱት መኖሪያ፣ ምግብና መጓጓዣ ናቸው። እዳ ካለ ደግሞ እዳው። የቤት ኪራዩን ያልነካ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢያጠብ ትርፉ ጥቂት ነው።

የጀርመኑ የስታቲስቲክስ ሊቅ ኤርንስት ኤንግል በ1857 አንድ ነገር አስተዋለ። የቤተሰብ ገቢ ዝቅ ባለ ቁጥር ከገቢው ላይ ምግብ የሚወስደው ድርሻ ይጨምራል። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ሲለካ የቆየ፣ ጠንካራ ሆኖ የተገኘ ግኝት ነው። ለእኛ ጉዳይ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ገቢ ሲወርድ የቁጠባው መቀስ ወደ ምግብ ይሄዳል፤ ሌላ የሚቆረጥ ነገር ስለሌለ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የምግብን ዓይነት መቀየር፣ በብዛት መግዛት፣ ቤት ማብሰልና ሳይበላሽ መጨረስ አንድ ነገር ነው። በልቶ አለመጥገብ ሌላ ነገር ነው። በባዶ ሆድ ቃለ መጠይቅ የገባ ሰው ምን እንደሚሰማው ያየው ያውቀዋል።

ቁጠባን ከባድ የሚያደርገው ሌላው ነገር ድህነት ራሱ ውድ መሆኑ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው በጅምላ ይገዛል፤ የሌለው በችርቻሮ እየገዛ በኪሎ ሲሰላ የበለጠ ይከፍላል። ገንዘብ ያለው የሚያፈሰውን ቧንቧ ዛሬ ያስጠግናል፤ የሌለው ጣሪያው እስኪርስ ይጠብቃል። ጥርስም እንደዚሁ ነው። ዛሬ ትሞላ የነበረች ጥርስ ነገ ትነቀላለች፣ ዋጋውም ይንራል። ስለዚህ በቁጠባ ስም የሚዘገዩ ነገሮችን ለሁለት መክፈል ብልህነት ነው። አንዳንዱ ሲዘገይ ምንም አይሆንም፤ አዲስ ልብስ፣ አዲስ ስልክ፣ የቤት ዕቃ። አንዳንዱ ግን በዘገየ ቁጥር ይወልዳል። ሕክምና፣ ጥገና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወለድ ያለበት እዳ።

እዳውን ላስረዳ። በወር 10 በመቶ ወለድ የሚታሰብበት ብድር ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ምንም ሳይከፈል ወለዱ በወለድ ላይ እየተደራረበ ዓመት ቢሞላው ግን ብድሩ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። እንዲህ ያለ እዳ ያለበት ሰው ሌላ ማንኛውም ቁጠባ አያድነውም፤ የሚቆጥበውን ሁሉ ወለዱ ይበላዋል። የተለያየ እዳ ካለ ከፍተኛ ወለድ ያለበትን ቀድሞ መክፈል በሒሳብ ሲታይ ሁልጊዜ ያዋጣል። አንዳንድ ሰው ደግሞ ትንሿን እዳ ዘግቶ «አንዷ ሄደች» ሲል ልቡ ስለሚበረታ ከትንሿ ይጀምራል። በወለድ ረገድ ትንሽ ይከስራል። ልቡ ከበረታለት ግን እኔ አልቃወመውም።

አከራይንም ሆነ አበዳሪን ቀድሞ ማናገር ዝም ብሎ ከመጥፋት የተሻለ ነው። ገና ሳይዘገይ «ሥራ ቆሞብኛል፣ እስከዚህ ጊዜ እንዲህ ልክፈል» ያለ ሰውና ሦስት ወር ስልክ አላነሳ ብሎ የቆየ ሰው እኩል አይታዩም። በተለይ ገበያው በቀዘቀዘበት ጊዜ አከራዩም ቢሆን ባዶ ቤት ይዞ መቀመጥ አይፈልግም።

የማይቆረጠው

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከቪየና ብዙ በማትርቅ ማሪየንታል በምትባል የኦስትሪያ መንደር አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተዘጋ። መንደሯ የምትተዳደረው በዚያ ፋብሪካ ስለነበር መንደሬው በሙሉ ማለት ይቻላል በአንድ ጊዜ ሥራ ፈታ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ሳይዘል የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር መንደሯ ገብተው የሰውን ኑሮ በቅርብ አጠኑ። ጥናቱ በ1933 ወጣ።

ተመራማሪዎቹ ያገኙት ነገር ያስደንቃል። ሰው ሥራ ሲፈታ ጊዜ ይተርፈዋል፤ ስለዚህ ያነባል፣ ይማራል፣ ይሰበሰባል ብለን እንገምታለን። ማሪየንታል ውስጥ የሆነው ተቃራኒው ነው። የመንደሯ ቤተ መጻሕፍት የውሰት ክፍያ ቢያስቀርም እንኳ የሚዋሱት መጻሕፍት ብዛት ወደ ግማሽ ገደማ አሽቆለቆለ። ሰው ከማኅበራት ቀረ። ተመራማሪዎቹ ዋናው መንገድ ላይ ቆመው የሰውን እርምጃ ፍጥነት ሳይቀር ለኩ። ወንዶቹ ቀስ እያሉ፣ እየቆሙ ነው የሚሄዱት። ሴቶቹ ይፈጥናሉ፤ ቤት ውስጥ የሚጠብቃቸው ሥራ አለና። ወንዶቹ ቀኑን እንዴት እንዳሳለፉት ሲጠየቁ በጥዋትና በማታ መካከል ምን እንዳደረጉ ለመናገር ይቸግራቸው ነበር።

ያሆዳ በኋላ ላይ ይህን ሐሳብ አዳበረችው። ሥራ ከደመወዝ ሌላ የሚሰጠን ነገሮች አሉ አለች። ቀንን ይሸነሽንልናል፤ ከቤተሰብ ውጭ ካለ ሰው ጋር ያገናኘናል፤ የጋራ ዓላማ፣ ማዕረግና የሚሠራ ነገር ይሰጠናል። ሥራ ሲጠፋ ደመወዙ ብቻ አይደለም የሚጠፋው። ብዙ ሰው ግን የሚያካክሰው ደመወዙን ብቻ ነው።

ከዚሁ ጥናት አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ቁጠባን የሚመለከት ስለሆነ። ኑሯቸው በድጎማ የሆነ ሰዎች አልፎ አልፎ ምንም የማያስፈልጋቸውን ነገር ይገዙ ነበር። አንዲት የ50 ዓመት ሴት በድንገት የጸጉር መጠቅለያ ብረት በዱቤ ገዛች። ድንች ሊተከልበት የሚችል መሬት ላይ አበባ የተከሉም ነበሩ። ከሩቅ ሆኖ «እብድ» ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን ከዚህ የምማረው ሌላ ነው፤ ምንም ደስታ ያልተወለት በጀት ቆይቶ ይፈነዳል። ለትንሽ ደስታ አስቀድሞ ትንሽ ገንዘብ የመደበ ሰው አንድ ቀን ተስፋ ቆርጦ ብዙ አያጠፋም።

ታዲያ የማይቆረጠው ምንድን ነው? ስልክና ኢንተርኔት አይቆረጥም፤ መጠኑ ሊቀንስ ይችላል፣ ጭራሽ መጥፋት ግን የለበትም። የደወለ ቀጣሪ ስልኩ ዝግ ከሆነበት ለቀጣዩ ሰው ይደውላል። ለቃለ መጠይቅ የሚለበስ አንድ ንጹሕ ልብስና ጫማ። በሳምንት ጥቂት ጊዜ ከቤት መውጫ የሚሆን የትራንስፖርት ገንዘብ። የሙያ ፈቃድ ወይም መንጃ ፈቃድ ካለ እሳት ውስጥ እንኳ ሆኖ ማሳደስ። እንቅልፍ። እነዚህ እንደ ወጪ መታየት የለባቸውም። የነጋዴ መነሻ ካፒታል ናቸው።

በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ የገንዘብ ጭንቀት ራሱ የማሰብ አቅምን እንደሚሻማ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ሕንድ ውስጥ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን አዝመራ ከመሰብሰቡ በፊትና በኋላ ፈተኗቸው። ያው ገበሬ ገንዘብ ባጠረው ሰሞን ውጤቱ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ስለዚህ ቁጠባው በየቀኑ የሚያከራክር መሆን የለበትም። ምን እንደሚበላ፣ በምን እንደሚኬድ፣ ምን እንደማይገዛ በሳምንት አንዴ ከተወሰነ በቂ ነው። የተረፈው ጭንቅላት ለፍለጋው ይዋል።

ወሬው የሚመጣው ከሩቅ ወዳጅ ነው

ሥራ በትውውቅ ይገኛል ሲባል ብዙ ሰው ዘመድ ያስባል። ወይም ጉቦ። በ1973 አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ማርክ ግራኖቬተር ያሳተመው ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። በሰው በኩል ሥራ ያገኙትን «ያንን ሰው ምን ያህል ጊዜ ታገኙት ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። ቶሎ ቶሎ እንገናኝ ነበር ያሉት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። 55.6 በመቶው አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶው ደግሞ ከስንት አንዴ ነበር ያሉት። በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ሊንክድኢን የተባለውን የሙያ ትውውቅ ድረ ገጽ የሚጠቀሙ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ለአምስት ዓመት ተከታትሎ ተመሳሳይ ነገር አገኘ። ለሥራ ይበልጥ የጠቀሙት የቅርብ ጓደኞች ሳይሆኑ መጠነኛ ትውውቅ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ምክንያቱ አያስቸግርም። የቅርብ ጓደኛዬ የሚያውቀውን እኔም አውቀዋለሁ። እኔ ሥራ ካጣሁ ምናልባት እሱም አጥቷል፤ አንድ መሥሪያ ቤት ነበርና የምንሠራው። ከስንት አንዴ የማገኘው ሰው ግን እኔ የማልደርስበት ቦታ ይውላል፣ እኔ የማልሰማውን ይሰማል። በክፉ ጊዜ ብዙ ቦታ ማስታወቂያ ሳይወጣበት የሚሞላ ስለሆነ ይህ ወሬ ይበልጥ ይከብራል።

እና ቁጠባ መጀመሪያ የሚያርቀን ከማን ነው? በትክክል ከእነዚህ ሰዎች ነው። ሥራ ያጣ ሰው እናቱንና የልብ ጓደኛውን አይተውም። የሚተወው የድሮ የክፍል ጓደኛውን፣ የቀድሞ ደንበኛውን፣ በሙያ ስብሰባ ላይ የሚያገኘውን ሰው ነው። ከፊሉ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ከፊሉ ግን «አሁን ምን እየሠራህ ነው?» የምትለዋን ጥያቄ መሸሽ ነው። እፍረት በገንዘብ ይተመናል ያልኩት ይህንን ነበር።

ለሩቅ ወዳጅ የሚነገር ነገር አጭር መሆን አለበት። «ሥራ ካለ አስበኝ» ማለት ለሰሚው ሸክም ነው፤ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም፣ ይጨነቃል፣ ከዚያ ይረሳል። «መጋዘን ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ቦታ የሚያውቅ ሰው ታውቃለህ?» ያለ ሰው ግን መልስ ያገኛል። ሥራ የሚሰጥ ሰው ፍለጋ ቀርቶ መረጃ ያለው ሰው ፍለጋ ይሁን። መረጃ መስጠት ለማንም አይከብድም።

ማስታወቂያ ላይ ማመልከትም መቆም የለበትም፤ ግን አንዱን ሲቪ ለሁሉም መበተን እምብዛም ፍሬ የለውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ማስታወቂያው የጠየቀውን አንብቦ፣ ያንን የሚመልሰውን የሥራ ልምድ ወደ ላይ አውጥቶ፣ በቁጥር የሚነገር ውጤት ካለ አስገብቶ የተላከ አንድ ማመልከቻ እንደ በራሪ ወረቀት ከተበተኑት ብዙ ይሻላል።

ሌላው የት መፈለግ እንዳለበት ነው። ሁሉም ዘርፍ እኩል አይቀዘቅዝም። በ2007 በጀመረው የአሜሪካ ቀውስ ግንባታና ፋብሪካ ክፉኛ ሲመቱ የጤናው ዘርፍ ግን ሰው መቅጠሩን አላቆመም። ሰው ቤት መሥራትን ያዘገያል፣ መታመምን ግን አያዘገይም። አዲስ መግዛት የተወ ሰው ያሮጌውን ያስጠግናል። ስለዚህ የሒሳብ ባለሙያ በግንባታ ድርጅት ብቻ ለምን ይፈልጋል? ሙያው ያው ሆኖ ዘርፉን መቀየር ብዙ ሰው ዘግይቶ የሚያስበው ነገር ነው።

ሥራ አጥ ሆኖ መቆየት ራሱ እንቅፋት እንደሚሆን የታወቀ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ100 ያህል ከተሞች በሌሉ ሰዎች ስም የተዘጋጁ 12,000 ገደማ ሲቪዎችን ለቀጣሪዎች በመላክ የተሠራ፣ በ2013 የታተመ ጥናት ይህን አረጋግጧል። የሥራ አጥነቱ ጊዜ በረዘመ ቁጥር የሚደውሉት ቀጣሪዎች ይቀንሳሉ፤ ቅነሳውም በዋናነት የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 8 ወራት ነው። ከዚሁ ጥናት ግን አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። የሥራ ገበያው ደካማ በሆነባቸው ቦታዎች ይህ ቅጣት ይቀላል። ሁሉም ሥራ ባጣበት ጊዜ ቀጣሪው «ይህ ሰው ምን ቢሆን ነው ያልተቀጠረው?» ብሎ አይጠረጥርም፤ ምክንያቱን ያውቀዋል። ቢሆንም ባዶውን ጊዜ በአጭር ኮንትራት፣ በበጎ ፈቃድ ሥራ ወይም በሥልጠና መሙላት ይጠቅማል። በሲቪ ላይ ብቻ ሳይሆን ለራስም፤ ማሪየንታልን እናስታውስ።

የቸገረውን የሚያጠምዱ

ክፉ ጊዜ የራሱ ነጋዴዎች አሉት። «የመመዝገቢያ ክፈል»፣ «የሥልጠናውን ገንዘብ አስገባ፣ ሥራው የተረጋገጠ ነው»፣ «ፓስፖርትህን እኛ ጋ ተወው»። ምልክቱ አንድ ነው፤ ሥራ ሰጪ ነኝ የሚለው ሰው ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ ይገኛል። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181፣ በ1997 የወጣው፣ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይጠይቁ በመርህ ደረጃ ይከለክላል። የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች ይፈቀዳሉ፤ ሁሉም አገርም ስምምነቱን አልተቀበለም። ቢሆንም ቃለ መጠይቅ ሳይደረግ፣ አድራሻ ሳይታወቅ፣ ደመወዙ ከገበያው በእጥፍ ሆኖ የሚመጣ ሥራ ገንዘብ ሲጠይቅ መሸሽ ነው። የቸገረው ሰው የሚታለለው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ተስፋ ስላጠረው ነው፤ አታላዮቹም የሚሸጡት ያንኑ ነው።

ያነሰ ሥራ ሲመጣ

ከቀድሞው ያነሰ ሥራ ሲመጣ ልቀበል ወይስ ልጠብቅ? ለሁሉም የሚሆን መልስ የለም። የቀረው ወር ስንት ነው የሚለው ትልቁን ድርሻ ይወስናል። ግን አንድ ማስረጃ አለ። ካናዳ ውስጥ በቀውስ ጊዜ የተመረቁ ወጣቶችን የተከታተለ ጥናት የመጀመሪያ ገቢያቸው 9 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ እንደጀመረና ልዩነቱ ለመጥፋት ወደ 10 ዓመት እንደፈጀ አሳይቷል። ከጉዳቱ የወጡት በተለይ ቀስ በቀስ ወደ ተሻለ ቀጣሪ የተዘዋወሩት ናቸው። ከዚህ የሚወሰደው ያነሰውን ሥራ መያዝ አያጠፋም ነው። የሚጎዳው እዚያው ረግቶ መቅረት ነው። የተቀበለ ሰው ፍለጋውን ቀስ አድርጎ ይቀጥል፤ ገበያው ሲከፈት ለመነሳት ዝግጁ ሆኖ።

አዲስ ሥራ የገባ ሰው ወዲያው ወደ ድሮ ወጪው ባይመለስም መልካም ነው። የሙከራ ጊዜ አለ። ድርጅቱ እንደገና ቢቀንስ ደግሞ በብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚወጣው መጨረሻ የገባው ነው። የመጀመሪያዎቹ ደመወዞች ወለድ ያለበትን እዳ ይዝጉ፣ ከዚያ ያለቁትን ወራት አንድ በአንድ ይተኩ። ወሬውን ላቀበሉት የሩቅ ወዳጆችም አንድ ስልክ ይደወልላቸው። ከእነሱ መካከል አሁን ሥራ የሚፈልግ ሊኖር ይችላል፤ አዲሱ ተቀጣሪ ደግሞ እነሱ የማይደርሱበት ቦታ መዋል ጀምሯል።